ላልተዘራ በቆሎ ማዳበሪያ!

የአባቴን ማሳ ሳስብ ትዝ የሚለኝ ሽልሻሎ ነው። ጎጃም ውስጥ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ በሬዎቹ በመስመሩ መካከል ይገባሉ። እኛ ልጆች ዩሪያውን በእፍኝ ይዘን ከየአገዳው ሥር ጠብ እናደርጋለን፤ ማረሻው ከኋላችን አፈር ያለብሰዋል። ከዚያ ቀን በፊት የዩሪያው ጆንያ አይፈታም ነበር። አባቴ ኬሚስትሪ አልተማረም። በብድር የተገዛ ማዳበሪያ ለሚበላ ሥር እንጂ ለባዶ መሬት እንደማይሰጥ ግን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ዛሬ የምኖረው በአሜሪካ የበቆሎ አገር እምብርት፣ አዮዋ፣ ዴሞይን ከተማ ነው። በየዓመቱ በጥቅምትና በኅዳር ከከተማው ስወጣ የማየው ነገር ያንገበግበኛል። በቆሎው ታጭዷል፤ ማሳው ባዶውን ነው። ትራክተሩ ግን ነጭ ታንከር እየጎተተ መሬቱን በቢላ ይሰነጥቅና አንሃይድረስ አሞኒያ ይቀብርበታል። ከዚህ ጋዝ 82 በመቶው ናይትሮጅን ነው። የሚመገበው በቆሎ የሚዘራው በሚያዝያና በግንቦት፣ አጥብቆ የሚበላው ደግሞ በሰኔ ነው። እስከዚያ ድረስ ማን ይጠብቅለታል?

አሞኒያው መሬት ሲገባ አሞኒየም ይሆናል፤ አሞኒየምን አፈር አጥብቆ ይይዘዋል። አፈሩ ሞቅ ሲል ግን ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬትን አፈር አይይዘውም፤ ውሃ በሄደበት ይሄዳል። የሚያዝያና የግንቦት ዝናብ ሲወርድ፣ ከማሳው ሥር በተቀበሩት የውሃ ማፋሰሻ ቱቦዎች አልፎ ራኩን ወንዝ ይገባል። ከራኩን ወንዝ የምንጠጣው እኛ ነን።

ባለሙያዎች ይህን ስለሚያውቁ፣ አፈሩ በ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እስኪወርድና ቅዝቃዜው እስኪቀጥል ጠብቁ ይላሉ። ደግ ምክር ነው፤ ግን ምክር ብቻ ነው። አዮዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣችው የንጥረ ነገር ቅነሳ ስትራቴጂም የተመሠረተው በገበሬው በጎ ፈቃድ ላይ ነው። በጎ ፈቃድ ወንዝ አያጠራም!

ገበሬውን አልሰድብም፤ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። የመዝሪያው ወቅት አጭርና ጭቃ መሆኑን፣ በኅዳር ጊዜም ሠራተኛም እንደሚገኝ አውቃለሁ። ነገር ግን እሱ የቆጠበውን ጊዜ የምንከፍለው እኛ በውሃ ሂሳባችን ነው። የከተማችን ውሃ ድርጅት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ናይትሬት ማጣሪያ ለመገንባት ተገደደ። በ2015 ከወንዙ በላይ ባሉ ሦስት ካውንቲዎች ያሉትን የማፋሰሻ ወረዳዎች ከሰሰ፤ በ2017 ፍርድ ቤቱ ክሱን ዘጋው። በ2025 ሰኔ ላይ ናይትሬቱ ውሃችን በሚቀዳባቸው ወንዞች ውስጥ አሻቅቦ፣ 600,000 ያህል ሰው የግቢውን ሣር እንዳያጠጣ ተከለከለ።

ያን ሰሞን የአራት ወር ልጅ ነበረችኝ። የመጠጥ ውሃ ገደቡ በሊትር 10 ሚሊ ግራም የናይትሬት ናይትሮጅን ነው፤ የተቀመጠውም ለጨቅላ ሕፃናት ሲባል ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ሊሳነው ይችላልና። ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ከገደቡ በታች ነው ተባልን። እኔ ግን ወተቷን በዚያ ውሃ ለመበጥበጥ እጄ እምቢ አለኝ፤ የታሸገ ውሃ ገዛሁ። መግዛት ያልቻለችዋ እናትስ?

የማዳበሪያውን ጊዜ መቀየር ብቻውን እንደማያድነን አውቃለሁ። ስትራቴጂው ራሱ፣ ማዳበሪያውን ከበረዶው ወቅት በፊት ከመስጠት ወደ መዝሪያው ሰሞን ማዛወር ናይትሬቱን በአማካይ 6 በመቶ ያህል፣ ራይ የተባለውን ብርድ የሚችል እህል በባዶው ማሳ ላይ መዝራት ደግሞ 31 በመቶ ያህል ይቀንሳል ይላል። ሁለቱም ይደረጉ! 6 በመቶ ትንሽ ነው ብሎ የሚከራከረኝን ግን አልሰማም፤ ቀላሉን እምቢ ያለ ከባዱን አያደርግም። በቆሎው ጉልበት ሲደርስ በመስመሩ መካከል ገብቶ ናይትሮጅን የሚሰጥ ማሽንም እዚሁ አለ። ሽልሻሎ ማለት እኮ ይኸው ነው! አባቴ በሁለት በሬ የሠራውን፣ የመቶ ሺዎች ዶላር ትራክተር ያለው ሰው አልችልም ሊለኝ አይገባም።

ዴሞይን ያላችሁ ወገኖቼ፣ የውሃ ሂሳብ የምትከፍሉ፣ ድምፅ የምትሰጡ ሁሉ፦ ደጃችሁ ድረስ መጥቶ ምረጡኝ የሚላችሁን ዕጩ አንድ ነገር ጠይቁት። ባዶ ማሳ ላይ በኅዳር አሞኒያ መቅበር በሕግ ይከልከል፤ ትደግፋለህ ወይስ አትደግፍም? ምክር እንሰጣለን ብሎ ከመለሰላችሁ፣ ድምፃችሁን ይዛችሁ በሩን ዝጉ።