ሳናዝዝ የሚቆረጥ ገንዘብ፦ ስልኩ ቡራዩ፣ ካርዱ አሜሪካ

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከመድረክ ሲነገር የማንሰማው፣ ነገር ግን በብዙ ክርስቲያን ቤተሰቦች መካከል ቅያሜ ሲያስገባ የምናየው ነው። በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ፤ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች አዲስ አበባን ከብበው የተቀመጡ ናቸው። በየአጥቢያው ውጭ አገር ካለ ዘመድ ስልክ የተላከለት ወንድም ወይም እህት አይታጣም። የተላከው ስልክ አይፎን ከሆነ ብዙ ጊዜ የላኪው ካርድም አብሮት ይመጣል። ካርዱ በአካል አይመጣም፤ ቁጥሩ ግን በስልኩ አካውንት ውስጥ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ከወራት በኋላ አሜሪካ ያለችው እህት የባንክ ሂሳቧን ስታይ ያላዘዘችው ገንዘብ ተቆርጦ ታገኛለች። የወሰደው ማን ነው? ወንድሟ ነው? የወንድሟ ልጅ ነው? ወይስ ማንም የማያውቀው ሌባ?

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዷ እህት «ለ10 ዶላር ብዬ ወንድሜን ሌባ ነህ ልበለው?» ብላ ዝም ትላለች፤ ዝም ባለች ቁጥር ይቆረጥባታል። ሌላዋ ደግሞ ማንንም ሳትጠይቅ ባንኳ ዘንድ ደውላ «ይህን ወጪ አላውቀውም» ትላለች። በእኔ አስተያየት ሁለቱም መንገዶች ያከስራሉ፤ ሁለተኛው ደግሞ ከገንዘብም በላይ ሊያስከፍል ይችላል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት በመጀመሪያ ካርዱ እንዴት እዚያ ስልክ ውስጥ እንደሚገባ እንመልከት።

አፕል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 አይቲዩንስ የተባለውን የሙዚቃ መደብር ሲከፍት ዓላማው አንድ ዘፈን በ99 ሳንቲም መሸጥ ነበር። ዛሬ በዚያው አካውንት ፊልም፣ መጽሐፍ፣ ጨዋታ፣ የፎቶ ማስቀመጫ ቦታና በየወሩ የሚታደስ አገልግሎት ሁሉ ይገዛበታል። ይሁን እንጂ ኩባንያው መደብሩን ከከፈተላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያን ሳያስገባ ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። ስለዚህ ሰበታ ያለው ሰው መጽሐፍ ቅዱስ ማንበቢያ እንኳ ለማውረድ ራሱን አሜሪካ እንዳለ አድርጎ ይመዘግባል። አንዱ የእህቱን አካውንት ይጠቀማል። ሌላው በቤተሰብ መጋሪያ በኩል ይገባል፤ በዚህ መንገድ አንድ ከፋይና እስከ አምስት የሚደርሱ ሌሎች ሰዎች አብረው ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ የግዢ መጋራቱ ከተከፈተ ደግሞ የሁሉም ወጪ ወደ ከፋዩ ካርድ ይሄዳል። ብዙው ሰው ግን ሞባይል ቤት ሄዶ ጥቂት ብር ከፍሎ «አፕል አይዲ» ያስከፍታል። ልብ በሉ፦ ሞባይል ቤት ያለው ልጅ አካውንቱን ሲከፍት የራሱን ኢሜይልና የራሱን ፓስወርድ አስገብቶ ከሆነ የአካውንቱ ባለቤት እርሱ ነው። እናንተ ተከራዮች ናችሁ። ከዚያ በኋላ እህታችሁ «በካርዴ ግዛ» ብላ የላከችላችሁን ቁጥር እዚያ ውስጥ ስታስገቡ የማን ቤት ውስጥ እንዳስቀመጣችሁት አስቡት።

እንግዲህ በካርዱ መግለጫ ላይ «አፕል ዶት ኮም ቢል» የሚል የማታውቁት ወጪ አየን እንበል። የመጀመሪያው ሥራ መደወል ሳይሆን መመልከት ነው። አፕል ለዚሁ የተዘጋጀ «ሪፖርት ኤ ፕሮብሌም» የሚባል ገጽ አለው፤ በአካውንቱ ስም ሲገቡ የተገዛው ነገር ሁሉ ከነቀኑ ይታያል። አፕል የተለያዩ ትንንሽ ግዢዎችን ጠቅልሎ በአንድ ሂሳብ ስለሚቆርጥ የካርዱ ቁጥርና የደረሰኙ ቁጥር ሳይመሳሰሉ ቀርተው ሰውን ማስደንገጣቸው የተለመደ ነው። አዲስ ካርድ ሲመዘገብም ለማረጋገጫ 1 ዶላር ያህል ተይዞ ሊለቀቅ ይችላል፤ ይህ ስርቆት አይደለም። በሌላ በኩል ሌቦችም የሰረቁት ካርድ መሥራቱን ለማወቅ በመጀመሪያ በጣም ትንሽ ገንዘብ ይሞክራሉ። ስለዚህ ትንሽ ናት ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ተመልሳ ካልተለቀቀች መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነጥብ ብዙ ሰው የሚስተው ነው። ወጪው በእናንተ አካውንት የግዢ ዝርዝር ውስጥ ከተገኘ ያዘዘው ሰው በአካውንታችሁ የገባ ነው፤ ማለትም የቤተሰብ ሰው ነው፣ ወይም ፓስወርዱን ያገኘ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ግን በቤተሰብ በምትጋሩት ወይም በሌላ የቤተሰብ አካውንት ላይ መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ። እዚያም ከታጣ የካርዱ ቁጥር ራሱ ተሰርቆ በሌላ ሰው አካውንት ላይ ተመዝግቧል ማለት ነው። የሁለቱ መድኃኒት የተለያየ ነው። ካርዱ የተሰረቀበት ሰው ፓስወርድ ቢቀይር አይጠቅመውም፤ ፓስወርዱ የተሰረቀበት ሰው ደግሞ ካርድ ብቻ ቢቀይር አዲሱንም ካርድ ለዚያው ሌባ ያስረክበዋል።

በአካውንቱ ውስጥ ከተገኘ፣ ወንድሞችና እህቶች፣ በባንክ ከመደወል በፊት ወደ ቡራዩ ደውሉ። ሰዓቱንም አብራችሁ ተመልከቱ። ቡራዩ ከዋሽንግተን እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ይቀድማል፤ እዚያ እኩለ ሌሊት ላይ የታዘዘ ጨዋታ እዚህ ልጅ ከቁርስ በኋላ ስልክ የያዘበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ልጆች ሳያውቁ የሚያወጡት ገንዘብ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ የፌደራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጥር 2014 አፕልን በዚሁ ጉዳይ ይዞት ነበር፤ ወላጅ አንድ ጊዜ ፓስወርድ ካስገባ በኋላ ለ15 ደቂቃ ልጁ ያለ ፈቃድ እየደጋገመ እንዲገዛ መንገድ ክፍት ነበርና። ኩባንያው ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር ለወላጆች ለመመለስ ተስማማ። ዛሬ ልጁ ለመግዛት ሲፈልግ ወላጁን የሚያስፈቅድ ማስተካከያ አለ፤ ግን ማንም ካልከፈተው አይሠራም።

አሁን ወደ ከበደው ነገር እንምጣ። የወንድም ልጅ የገዛውን ጨዋታ ለባንክ «አላውቀውም፣ ተሰርቄ ነው» ማለት ምን ማለት ነው? ብዙዎች «ባንኩ ሀብታም ነው፣ አፕልም ሀብታም ነው፣ ማን ይጎዳል?» ይላሉ። በአሜሪካ ሕግ ዴቢት ካርዳችሁን ወይም መግቢያችሁን ራሳችሁ ለሰው ሰጥታችሁ ያ ሰው ከተነገረው በላይ ቢያወጣ፣ «ከእንግዲህ አልተፈቀደለትም» ብላችሁ ለባንኩ እስክታሳውቁ ድረስ ወጪው እናንተ እንደፈቀዳችሁት ይቆጠራል። ስለዚህ እህት ለወንድሟ ካርዷን ሰጥታ ኋላ ተሰረቅሁ ብትል የሐሰት ቃል ሰጠች ማለት ነው፤ በፊርማዋ ያረጋገጠችው ከሆነም የሚያስጠይቃት እርሷን ነው። እውነቱን ብትናገር ግን መንገድ አለ፤ አፕል በ«ሪፖርት ኤ ፕሮብሌም» ገጹ ላይ «ልጅ ያለ ፈቃድ ገዛ» ብሎ ለሚያመለክት ቦታ ሰጥቷል። ሁልጊዜ ይመልሳል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን እውነት ተናግሮ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

ቡራዩ ያለው ወንድምም ድርሻ አለው። ሲጠየቅ «እኔ አይደለሁም» ብሎ ቢክድ እህቱ ባንኩን ታምናለች፣ ባንኩ ካርዱን ይዘጋል፣ አፕልም በክርክር ላይ ያለውን አካውንት ሊቆልፈው ይችላል። በዚያ አካውንት ውስጥ ያለው የቤተሰብ ፎቶና የተገዛው መዝሙር ሁሉ አብሮ ሊታገድ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት በተበላሸበት ሌሊት ሰዎች በሂሳባቸው የሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ የተሰማው ሰበብ ይኸው ነበር፦ «ማሽኑ ሰጠኝ»። ባንኩ የወጣውን ወደ 801 ሚሊዮን ብር አድርሶታል፤ ከወሰዱት መካከል ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ ያልመለሱትንም ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን አወጣ። ማሽን ስላልከለከለን የእኛ አይሆንም።

ቤተሰቡ ተጠያይቆ ማንም እንዳልገዛ ከተረጋገጠ ግን አንድ ቀን መዘግየት አያስፈልግም። «ጌታ ያውቃል» ብሎ መተው መንፈሳዊነት የሚመስለው አለ፤ ሕጉ ግን ቀን ቆጥሮ ነው የሚሠራው። በአሜሪካ የክሬዲት ካርድ ባለቤት ባልፈቀደው ወጪ የሚጠየቀው ቢበዛ 50 ዶላር ነው። ዴቢት ካርድ ይለያል። ካርዱ ራሱ ጠፍቶ ከሆነ ባወቃችሁ በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ ካሳወቃችሁ ኪሳራችሁ ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ ከዚያ ካለፈ እስከ 500 ሊደርስ ይችላል። ቁጥሩ ብቻ ተሰርቆ ከሆነ መግለጫው በተላከ በ60 ቀን ውስጥ ካሳወቃችሁ ምንም አትከፍሉም፤ ከ60 ቀኑ በኋላ ለሚወሰደው ግን ባንኩ ላይመልስላችሁ ይችላል። ባንኩ ለማጣራት 10 የሥራ ቀናት አለው፤ ከዚያ በላይ ከፈለገ በአብዛኛው ገንዘቡን በጊዜያዊነት መልሶ እስከ 45፣ ወጪው በካርድ የተፈጸመ ግዢ ከሆነ ደግሞ እስከ 90 ቀን መመርመር ይችላል። በየወሩ መግለጫ የማያይ ሰው እነዚህ ቀኖች ሲያልፉ አያውቅም።

አካውንቱ ተነክቶ ከሆነ ፓስወርዱን ከራሳችሁ ስልክ ቀይሩ፤ የማታውቁትን መሣሪያ ከዝርዝሩ አስወጡ፤ ከሁሉ በላይ የማረጋገጫ ኮድ የሚላክበት ስልክ ቁጥር የማን እንደሆነ ተመልከቱ። የሞባይል ቤቱ ልጅ ቁጥር እዚያ ከተቀመጠ ፓስወርድ መቀየራችሁ ብዙ አይጠቅምም። ስላሽ ስልክ የገዛችሁም የቀድሞው ባለቤት አካውንት አለመውጣቱን ሳታረጋግጡ ካርድ አታስገቡበት። የእርዳታ ስልክ ቁጥር ደግሞ በኢንተርኔት ፈልጋችሁ ከላይ የወጣውን አትደውሉ፤ ራሳቸውን አፕል ነን የሚሉ አጭበርባሪዎች የሚጠብቁት እዚያ ነው። «ይህን ያህል ተቆርጦባችኋል፣ ካልገዛችሁ እዚህ ተጫኑ» የሚል ሐሰተኛ ደረሰኝም በኢሜይል ይልካሉ፤ ደንግጦ የተጫነ ሰው ፓስወርዱን በገዛ እጁ ይሰጣቸዋል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 አንድ የመተግበሪያ ሻጭ በሌሎች ሰዎች አካውንት መጻሕፍቱን እያስገዛ የሽያጩን ሰንጠረዥ ሲያጥለቀልቅ ተገኝቶ ከመደብሩ ተባሯል። አፕል የተነኩት ከ150 ሚሊዮን ውስጥ 400 ያህል አካውንቶች ናቸው ብሎ ነበር፤ ለ400ዎቹ ግን ቁጥሩ ማጽናኛ አልነበረም።

ለእኛ ለአማኞች በተለየ ሁኔታ የተዘጋጀ ወጥመድም አለ። ያው የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ባወጣው ማስጠንቀቂያ አጭበርባሪዎች በፓስተር፣ በቄስ፣ በራቢና በኢማም ስም ለምእመናን ኢሜይልና ቴክስት እየላኩ ለበጎ ዓላማ ጊፍት ካርድ እንዲገዙ ይለምኑ እንደነበር ገልጿል። ከሚጠየቁት መካከል የአይቲዩንስ ካርድ ይገኝበት ነበር። ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ላኩ ይሏችኋል፤ ከላካችሁ በኋላ ገንዘቡን ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው። መጋቢያችሁ በእውነት ከቸገረው ድምፁን ስልክ ላይ ስሙት። አገር ቤትም መልኩ ብቻ ነው የሚለየው፦ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ «ተሳስቼ ብር ልኬብሃለሁ» ወይም «ከባንክ ነው የምደውለው፣ የመጣልህን ቁጥር ንገረኝ» የሚል ጥሪ ያልደረሰው ሰው ጥቂት ነው። ያ ቁጥር የቤታችሁ ቁልፍ ነው። ንግድ ባንክን 951፣ ቴሌብርን 127 ራሳችሁ ደውላችሁ ጠይቁ እንጂ ለደወለላችሁ ሰው አትስጡ።

ለሁለቱም ወገን የሚበጀው፣ በእኔ ግምት፣ ካርዱን ከአካውንቱ ማውጣት ነው። ነጻ መተግበሪያ ለማውረድ ካርድ አያስፈልግም። ሩቅ ያለችው እህት መርዳት ከፈለገች ራሷ ሱቅ ሄዳ የ25 ዶላር ጊፍት ካርድ ገዝታ በወንድሟ አካውንት ላይ ብትሞላለት፣ ሌባ ቢገባም ልጁ ቢያጠፋም የሚጠፋው ያው 25 ዶላር ነው። ካርዱ አልወጣም ካለ ያልተሰረዘ ወርሃዊ ክፍያ ወይም የተከፈተ የቤተሰብ መጋሪያ ስላለ ይሆናል፤ በመጀመሪያ እርሱን መዝጋት ነው፤ ከዚያ ካርዱ ይወጣል።