በነቢያት ጎዳና ያለው አንበሳ

የአሽዶድ እናቶችና አባቶች፣

ከተማችን የተቆረቆረችው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ታሪካዊ ቤት ሲባል የሚያውቁት ባሕሩ ዳር ያለውን የጥንት ምሽግ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ኢየሩሳሌም ያለ አንድ ቤት ነው። ለሲግድ በየዓመቱ እንወጣለን፤ ጸሎቱ አልቆ ጾሙ ሲፈታ ወደ አውቶቡሱ እንሮጣለን። ይህን ቤት አይተን አናውቅም።

ቤቱ ረሖቭ ሃነቪኢም ላይ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ፣ የአጼ ምኒልክ ልጅ፣ ከ1925 እስከ 1928 አሠሩት፤ የኢትዮጵያ ቆንስላ ቢሮም ሆነ። ትልቅ የድንጋይ ሕንፃ ነው። ፊቱ ላይ በባለቀለም ጠጠር የተሠራ አንበሳ አለ፣ ጽሑፉም በግዕዝ ነው። እስራኤል መንግሥት ከመሆኗ ከሃያ ዓመት በፊት የእኛ ፊደል ኢየሩሳሌም መሐል ግድግዳ ላይ ነበረ ማለት ነው!

«የነገሥታቱ ቤት ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው። «የይሁዳ አንበሳ» እየተባሉ የነገሡት እነሱ፤ ኦሪትን ይዞ ርስት የተነፈገው፣ ፈላሻ ተብሎ በሰው መሬት እያረሰ፣ ብረት እየቀጠቀጠና ሸክላ እየሠራ የኖረው የእኛ ወገን። ቆንስላው ለእኛ ተብሎ አልተሠራም። እኔ ግን ልጆቹን እዚያ ማቆም ያለብን በዚሁ ምክንያት ነው እላለሁ። ስለ ርስትና ስለ ስደት ሳሎን ተቀምጠን ብንነግራቸው ስልካቸውን ነው የሚያዩት። አንበሳውን እያዩ ቢሰሙት ግን ራሳቸው ይጠይቃሉ።

ሌላም ነገር አለ። ልጅ አያቱን የሚያውቃቸው ኩፓት ሆሊም ወስዶ ሲያስተረጉምላቸው ነው። አያት ሁልጊዜ የማያነቡ፣ እሱ ሁልጊዜ የሚያነብላቸው። እዚያ ግድግዳ ሥር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቄሶቻችን ግዕዙን ያነባሉ፣ ፊደል የቆጠረ ሽማግሌም ቢሆን ፊደሉን አንድ በአንድ ይጠራል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ዝም ብሎ ያዳምጣል። (ይህን እንኳ ለማየት እኔ የአውቶቡሱን እከፍላለሁ፣ ግማሹን።)

በሲግድ ቀን ይሁን አልልም። ጾም ነው፣ ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ሽማግሌዎች ይደክማሉ። በትምህርት ቤት ዕረፍት አንድ ቀን ይበቃል። መትናሱን አውቶቡስ እንጠይቅ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ራቅ ብሎ ያውርደንና ቀስ ብለን እንሄዳለን፤ እግረ መንገዳችንን እዚያው አጠገብ ያለውን የኢትዮጵያ ጎዳና እናሳያቸዋለን።

ከቄሶች ጋር የሚነጋገር ሰው ያስፈልጋል። ፈቃደኛ የሆነ እዚሁ ይጻፍ።