የዕድሜ ገደቡና የመጨረሻው ሻጭ

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የቢራ ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ዳር ሰሌዳ አስወግዷል። ይኸው አዋጅ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። የመጀመሪያው ክልከላ የተመለከተው አድራሻቸው የታወቀ ፋብሪካዎችንና መገናኛ ብዙኃንን በመሆኑ በቀላሉ ተፈጻሚ ሆነ። ሁለተኛው ግን በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ በየግሮሰሪው ባንኮኒ ላይ የሚፈተን ነው።

ፋብሪካው ቢራውን ለወኪል አከፋፋይ፣ አከፋፋዩም ለግሮሰሪ ያስረክባል፤ ጠጪውን ፊት ለፊት የሚያየው የመጨረሻው ሻጭ ነው። እርሱ መታወቂያ ጠይቆ ወጣቱን ቢመልሰው ወጣቱ ወደ ጎረቤት ግሮሰሪ ይሻገራል፤ የሚከስረው ሕግ አክባሪው ብቻ ይሆናል። የዩኒቨርሲቲ ከተማ በሆነችው አምቦ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ቁጥጥሩ በሁሉም ግሮሰሪዎች ላይ በእኩል ካልተጀመረ ባይጀመር ይሻላል።

ጠማቂዋ ራሷ ለጠጪው የምትሸጥበት ንግድም አለ፤ በደጃፏ ጣሳ በእንጨት ላይ ሰክታ ጠላ የምትሸጥ እናት። የጄልዱና የደንዲ ገብስ ለቢራ ብቅልም ለእርሷ ጋንም ይሆናል። የዕድሜ ገደቡ እርሷንም ይመለከታል። የፌዴራል አዋጆች በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጡት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ከቅጣት በፊት ድንጋጌውን በአፋን ኦሮሞ የሚያስረዳት ባለሙያ ደጃፏ ሊደርስ ይገባል።