ለንጹሕ ኃይልና ለድርቅ መከላከያ ስለሚሰጠው ገንዘብ፤ ሥራውም ካለቀ በኋላ ስለ መጠበቁ

በየክልሉ፣ በየዞኑና በየወረዳው ሹመት ተቀብላችሁ ሕዝብ የምታስተዳድሩ ሁሉ እንደምታውቁት፣ የአየሩ ጠባይ እየተለወጠ ዝናሙ ከወራቱ መዘግየት፣ ድርቁም መደጋገም ከጀመረ ወዲህ፣ ገበሬውን ከዚህ መከራ ለመጠበቅ ብዙ ገንዘብ ተመድቧል። በ2004 ዓ.ም. የአየር ጠባይ ለውጥን የሚቋቋም አረንጓዴ ኢኮኖሚ የተባለው መርሐ ሥራ ሲታወጅ፣ ለዚሁ የሚገኘውን ገንዘብ ተቀብሎ የሚያከፋፍል ልዩ ቋት በገንዘብ ሚኒስቴር ዘንድ ተቋቋመ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም አቀፉ የአረንጓዴ አየር ንብረት ፈንድ 45 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ፈቅዶ፣ መንግሥታችንም 5 ሚሊዮን ጨምሮበት፣ በ22 ወረዳዎች በፀሐይ ኃይል ውኃ እንዲሳብ፣ አነስተኛ መስኖ እንዲወጣና የተራቈተ መሬት እንዲያገግም ታሰበ።

ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ የሚነቅፈውም የለም። ነገር ግን ገንዘቡን ለማግኘት የሚደከመውን ያህል፣ በገንዘቡ የተሠራውን ነገር ለመጠበቅ ሲደከም አይታይም። ሥራው በተመረቀ ማግሥት ሪፖርቱ ይጻፋል፤ መዝገቡ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ለመጪው ሹም ይተዋል። ስለዚህ የተከበራችሁ ሹማምንት፣ ርዳታ ሲቀርብላችሁ «ምን ያህል ነው?» ከማለታችሁ አስቀድሞ «በሦስተኛው ዓመት የሚጠግነው ማን ነው? በምን ገንዘብ?» ብላችሁ እንድትጠይቁ፣ መልስ ያልተገኘለትንም ሥራ መልስ እስኪገኝለት ድረስ እንዳትቀበሉት ማሳሰብ እወዳለሁ።

ለዚህ ነገር የባዮጋዝ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል። አራት የቀንድ ከብት ያለው ገበሬ በየቀኑ 20 ኪሎ ያህል እበት በእኩል ውኃ በጥብጦ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ በተሠራው ጕድጓድ ቢጨምር፣ ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ምድጃውን ያነድለታል፤ ለመብራትም ይሆነዋል። የሚተርፈውም ዝቃጭ ለማሳው ማዳበሪያ ነው። ኩበት ሆኖ ሲነድ ከእርሻው ይጠፋ የነበረው ለምነት እንዲህ ወደ እርሻው ይመለሳል። ይህን አስቦ መንግሥት ከሆላንድ ሰዎች ጋር ሆኖ በ2001 ዓ.ም. ግድም ብሔራዊውን የባዮጋዝ ሥራ ጀመረ፤ ከወጪው አንዱን ክፍል ድጎማው ሲሸፍን፣ የቀረውን ገበሬው በገንዘቡ፣ በብድርና በጕልበቱ እንዲችል ተደረገ። በመጀመሪያው ዙር 14,000 ጕድጓድ እንዲሠራ ታቅዶ የተፈጸመው 8,000 ያህል ሆነ። ጥቂትም አይደለም። ከተሠሩት ውስጥ ግን ቍጥራቸው ቀላል ያልሆኑት ሥራ አቁመው ተገኙ፤ አንዱ ውኃ ርቆት፣ አንዱ ከብቱ አልቆበት፣ ሌላውም ቧንቧው ሲያፈስ የሚያጠብቅለት ባለሞያ አጥቶ።

ከዚህም ሁሉ የሚብስ ሌላ ነገር ነበረ። በባላገር ቤት ከሚነደው እንጨት አብዛኛው የሚነደው ለእንጀራ መጋገሪያ ነው። እንጀራ ደግሞ ሰፊ ምጣድና ከምጣዱ ዳር እስከ ዳር እኩል የሚደርስ ብርቱ እሳት ይፈልጋል። መጀመሪያ የታደለው የባዮጋዝ ምድጃ ወጥ ይሠራል፤ ቡናም ያፈላል፤ ምጣድ ግን አይችልም ነበር። ለእንጀራ የሚሆነው የመጣው ዘግይቶ ነው። እንግዲህ እመቤቲቱ ጕድጓዱ ከተሠራላትም በኋላ እንጨት ለመልቀም መውጣቷን አልተወችም። ገና ሲታቀድ አንዲት ጋጋሪ ሴት ተጠይቃ ቢሆን ይህ ሳይታወቅ አይቀርም ነበር።

በዚህ አንጻር ምርጥ ምድጃ የተባለው የሲሚንቶ ምድጃ ይታይ። በሦስት ጕልቻ ከሚነደው እንጨት እኩሌታውን ያህል ያድናል። አሠራሩን የተማረ ሰው በየወረዳው ከተማ ሊሠራውና ሊሸጠው ይችላል፤ ቢሰበርም የሚተካው እዚያው አገር ይገኛል። ዋጋውም ከሌላው ጋር ሲመዛዘን እጅግ ትንሽ ነው። (እውነቱን ለመናገር ለምረቃ በዓል አይመችም፤ በምድጃ ፊት ሪባን የሚቈርጥ ሹም አላየንም።)

በፀሐይ ኃይል የሚሠራው የውኃ ፓምፕ ነዳጅ አይፈልግም ሲባል፣ ብዙ ሰው ወጪ የለውም የተባለ ይመስለዋል። መስተዋቱ አቧራ በለበሰ ጊዜ ኃይሉ ስለሚቀንስ የሚወለውለው ሰው ያሻዋል። ደግሞም መስተዋቱ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ሲያገለግል፣ ኃይሉን ተቀብሎ ለሞተሩ የሚያስተካክለው መሣሪያ ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ ይደክማል። ይህ አንድ መሣሪያ ሲበላሽ መለዋወጫው በቅርብ ከሌለ፣ የሚገዛበትም ገንዘብ አስቀድሞ ካልተጠራቀመ፣ በብዙ ሺህ ብር የተተከለው ሁሉ ቆሞ ይቀራል፤ ሴቶችና ልጆችም እንስራና ጄሪካናቸውን ይዘው ወደ ወንዝ ይመለሳሉ። ሰውም አንድ ጊዜ እንዲህ ከሆነበት በኋላ ለሁለተኛው ሥራ መዋጮ ሲጠየቅ እጁን ይሰበስባል፤ አይፈረድበትም።

ጸንቶ የቆየ ሥራ የት እንዳለ ለማየት ወደ ወላይታ ሑምቦ መሄድ ነው። በዚያ 2,728 ሄክታር የተራቈተ ተራራ ከ1999 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በወርልድ ቪዥን ርዳታ ከከብትና ከምሳር ተከልሎ፣ አብዛኛው ዛፍ አዲስ ሳይተከል፣ በመሬት ውስጥ ከቀረው ጕቶና ሥር እንዲያቈጠቍጥ ተደረገ። በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የካርቦን መዝገብ ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክም ቋት ዛፉ ከሚይዘው ካርቦን 165,000 ቶን ለመግዛት ተዋዋለ። ነገሩን ያጸናው ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። የአገሩ ሰዎች በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው የመጠቀም መብታቸው በሕግ ታወቀላቸው፤ የሣሩ አጨዳና የጥበቃው ደንብም በእጃቸው ሆነ።

ይህን የምጽፈው በከንቱ አይደለም። ቀድሞ ባለርስት በነበረበት ዘመን ደን ሲጨፈጨፍ የሚጠየቀው ሰው ይታወቅ ነበር፤ ከ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ወዲህ ባለርስት የለም፤ በዛሬውም ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የገበሬው ማሳ በይዞታ ደብተሩ ይጠበቃል። የወሉ ተራራ ግን በስም የሁሉ ሆኖ በተግባር የማንም እንዳይሆን፣ መብቱ ለታወቀ ማኅበር በጽሑፍ ካልተሰጠ በቀር፣ በርዳታ የተከለለው ሁሉ ዘበኛው ደመወዙ በተቋረጠ ወር ይከፈታል። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሐ ሰዎችም ድርቅ ከቀያቸው ሊያስነሣቸው ተቃርቦ ሳለ፣ ተራራቸውን ከልለው፣ ውኃውን በክትርና በጕድጓድ ወደ መሬት አስርገው፣ የጕድጓዳቸው ውኃ ከፍ እስኪል በመድከማቸው በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን የኢኳተር ሽልማት አግኝተዋል። በዚያም መከለሉን የወሰነውና ደንቡን የጠበቀው ቀበሌው ራሱ ነበር።

«ገንዘቡ በዓመቱ ውስጥ ካልወጣ ይመለሳል፤ ስለ ጥገና እስክንመክር ማን ይጠብቀናል?» የሚል ሹም እንዳለ አውቃለሁ፤ ችግሩም እውነተኛ ነው። የበጀቱ ዓመት በሰኔ 30 ይዘጋል፤ የዘገየው ገንዘብ በግንቦት ሲደርስ የኩሬ ቍፋሮ በክረምት ጭቃ ይጀመራል፤ ወይም ለማውጣት ሲባል ብቻ ዕቃ ተገዝቶ በመጋዘን ይከማቻል። የዚህ መድኀኒቱ ግን ምክሩን ማስቀደም እንጂ መተው አይደለም። ደንቡና ኮሚቴው ገንዘቡ ሳይመጣ በመስከረምና በጥቅምት ሊያልቁ ይችላሉ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀትና ጥቂት ስብሰባ ነው። ቍፋሮውና እርከኑ ደግሞ ከጥር እስከ ሚያዝያ ይሁን።

እንግዲህ ለሚመጣው ዓመት በጀት ስታዘጋጁ፣ ለአዲስ ሥራ ገንዘብ ከመጠየቃችሁ በፊት በወረዳችሁ ያለውን ፓምፕ፣ የባዮጋዝ ጕድጓድና የተከለለ ተራራ አስቈጥሩ፤ የሚሠራውንና የቆመውን ለይታችሁ ጻፉ። ለጥገና የሚሆን ገንዘብ በየዓመቱ በራሱ መደብ ይያዝ፤ የውኃ ተጠቃሚዎችም በእንስራ የሚከፍሉት ሳንቲም በኮሚቴው የባንክ ደብተር ይግባ። ኮሚቴው ውስጥ የሚጋግሩና ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ይኑሩበት። የሴፍቲኔት ሥራ ባለበት ወረዳም ጕልበቱ አዲስ እርከን በመሥራት ብቻ እንዳያልቅ፣ አሮጌውን ለመጠገን የሚውል ቀን ይለይለት። ቈጠራው በኅዳር ቢጀመር የጥገናው ዕቅድ ለጥር ቍፋሮ ይደርሳል።