ባዕድ የምትሉት ልጅ

«በለጋሽ እንቁላል ወይም በለጋሽ የወንድ ዘር መውለድ ባዕድን ቤት ማስገባት ነው» የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩ። ፈጽሞ አልስማማም። ጸሐፊው ባህልን ምስክር ጠርተዋል፤ ባህላችን ግን የጡት ልጅን ያውቃል። ጡት ወይም አውራ ጣት ማር ተቀብቶ ሕፃኑ ሲጠባ፣ ያልወለዱት ልጅ ይሆናል። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ይላል። በለጋሽ እንቁላል የፀነሰችዋ እናትስ? ዘጠኝ ወር ተሸክማ፣ አምጣ የወለደችው እሷው ናት።

ከለጋሹ ጥያቄ በፊት ግን የመካንነቱ ወቀሳ አለ፤ መተማ ላይ ልጅ ሲዘገይ መጀመሪያ የምትወቀሰው ሚስት ናት። ጸበል ለጸበል ትንከራተታለች፤ በመጨረሻም ትፈታለች። ከመካንነት ግማሽ ያህሉ ግን የወንዱም እጅ አለበት። የእሱ ምርመራ የሚጀምረው ናሙናውን በንጹሕ ብልቃጥ ሰጥቶ በማይክሮስኮፕ በማስቆጠር ነው፤ ለሰሊጥ አጨዳ ሠራተኛ ፍለጋ ሲዞር የሚከርመው ባል ግን ለዚህ ጊዜ የለውም።

የጸሐፊውን አንድ ስጋት ግን እጋራለሁ፤ የለጋሹ ማንነት ከልጁ ለዘላለም መሰወር የለበትም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ለሚለግሱ ሰዎች ይህን ሕግ አድርጋዋለች፤ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው የለጋሹን ማንነት ማወቅ ይችላል።

የመተማ ባሎች፣ ሚስቶቻችሁን ከመፍታታችሁ በፊት እናንተም ተመርመሩ።