ከደጋ ወደ ሐይቅ ዳር ስንወርድ ምን እንያዝ?



ለእንጦጦ ራጉኤል አጥቢያ ሰው ብርድ የቅርብ ጎረቤቱ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ በሣሩ ላይ ነጥቶ ያድራል፤ ማሕሌት ለመቆም በሌሊት የሚነሣውም ሰው ከነጠላው በላይ ጋቢ፥ ከጋቢውም በላይ ካፖርት ደርቦ ይወጣል። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም ከዚህ ተራራ ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ፥ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የተራራው ብርድ ነበር። እንግዲህ ከደጋ ወደ ለስላሳ አየር መውረድ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን የሚወርዱበትን አገር ጠባይ ሳያውቁ መውረድ ጉዳት አለው።

ዛሬ ብዙ ቤተ ሰቦች ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ለቅዱስ ገብርኤል በዓል ወደ ሐዋሳ ይጓዛሉ። ከበዓሉም በኋላ አንድ ሁለት ቀን በሐይቁ ዳር አርፈው ይመለሳሉ። የባሕር ጠረፍ ለሌለን ለእኛ የሐይቅ ዳር አየር የባሕር ዳርን አየር ይተካልናልና፥ ስለ ወቅቱና ስለ መንገድ ጓዙ ጥቂት ምክር ለመስጠት ወደድሁ። ምክሩን ያገኘሁት ግን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከራሴ ስሕተት ጭምር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባለቤቴ፥ ከአማቴና ከስድስት ዓመት ልጄ ጋራ ለታኅሣሡ በዓል ወደ ሐዋሳ ወረድሁ። የደጋ ሰው ነኝና ስለ ብርድ ብቻ አስቤ ሻንጣውን በወፍራም ልብስ ሞላሁት፤ አጎበር መያዝ ግን ከቶ ትዝ አላለኝም። አየሩ ደስ ቢለን ሁለቱንም ሌሊት መስኮቱን ከፍተን፥ ከሐይቁ ወገን የሚመጣውን ነፋስ እያሞገስን ተኛን። በሰላምም ወደ ቤታችን ተመለስን። በልደት ዕለት ማታ ልጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አማቴ «የእንጦጦ ብርድ መታው» አሉ፤ እኔም አመንሁ። ጋቢ ደረብንበት፥ ዝንጅብል በማር አፍልተን አጠጣነው። ትኩሳቱ እየበረደ እየተመለሰ ሦስት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ራሱን መያዝ ሲሳነው አዝዬው ወደ ሕክምና ሮጥሁ። በዚያ ያገኘናት የጤና ባለሙያ ልጁን ገና ሳትነካው «በዚህ ወር ወዴት ሄዳችሁ ነበር?» ብላ ጠየቀችን። ደሙ በተመረመረ ጊዜ ወባ ተገኘበት። እግዚአብሔር ይመስገን፥ በመድኃኒቱ ዳነ፤ እኔ ግን ሌላውን ልጅ ሳስተምር የራሴን ልጅ በሦስት ቀን ዝንጉነት ላጣው እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

አሁን ወደ አየሩ ጠባይ እንመለስ። አገራችን ደጋ፥ ወይና ደጋና ቆላ ተብላ የተከፈለችው ይልቁንም በከፍታዋ ነው። ሰው አንድ ሺህ ሜትር በወረደ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። የእንጦጦ ራጉኤል ከፍታ 3,000 ሜትር ግድም ሲሆን የሐዋሳ 1,700 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በቢሾፍቱ፥ በሞጆ፥ በባቱና በሻሸመኔ አልፈን፥ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን በአንድ ቀን ስንደርስ፥ ከቤታችን አየር በ8 ዲግሪ ያህል የሚሞቅ አየር ይቀበለናል። ሐይቁም የራሱን ሥራ ይሠራል፤ ውሃ ከምድር ይልቅ ዘግይቶ ስለሚሞቅና ዘግይቶ ስለሚቀዘቅዝ ቀን ከሐይቁ ወደ ምድር ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍሳል፥ ትኩሳቱንም ያበርዳል።

ሁለቱ በዓላት ግን በአየር አንድ አይደሉም። በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለ ሆነ ፀሓዩ ይበረታል፤ ቀን ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ይኸው የጠራ ሰማይ ግን ሌሊት የምድሩን ሙቀት ይለቀዋልና ወደ ንጋት ብርድ አለ። በሐምሌ ደመናው እንደ ክዳን ሆኖ ሙቀቱን ስለሚይዝ ቀኑ ለዘብ ይላል፥ ሌሊቱም ከታኅሣሥ ሌሊት ይሞቃል፤ ዝናቡ ከአዲስ አበባው ክረምት ቢያንስም አይቀርም።

ስለዚህ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚከተለው ይበቃል።

አንደኛ፤ ለቀን ስስ የጥጥ ልብስ፥ ለማታ ደግሞ እጀ ረጅም ሸሚዝ፥ ረጅም ቀሚስ ወይም ሱሪና ካልሲ ይያዝ። የማታው ልብስ ገላን የሚሸፍን መሆኑ ለጨዋነት ብቻ ሳይሆን ከትንኝም ለመዳን ነው።

ሁለተኛ፤ በታኅሣሥ ለሌሊቱ ማሕሌት ለአንድ ሰው አንድ ጋቢና አንድ ሹራብ ይበቃል፤ ካፖርቱ በቤት ይቅር። በሐምሌ በጋቢው ላይ የዝናብ ልብስና ውሃ የማያስገባ ጫማ ይጨመር።

ሦስተኛ፤ ጃንጥላ በሁለቱም ወራት አይቅር። በሐምሌ ለዝናብ፥ በታኅሣሥ ለፀሓይ ይሆናል፤ የሐይቁ ውሃ ብርሃኑን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ፊትን ያቃጥላልና።

አራተኛ፤ የታኅሣሡ በዓል በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል ቆሎ፥ በሶና የጾም ዳቦ መሰነቅ መልካም ነው። ንጹሕ የሚጠጣ ውሃም አይዘንጋ። ልጆች በሐይቁ ዳር በባዶ እግር ወደ ውሃው እንዳይገቡ ይጠበቁ፤ በዚያ ጉማሬ አለ፥ ከውሃውም ቢልሃርዚያ ይያዛል።

አምስተኛ፥ ከሁሉም የሚበልጠው፤ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይያዝ። ወባ በአገራችን በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ምድር የሚገኝ በሽታ ነው፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜም ይበረታል። የወባ ትንኝ የምትናደፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። እንግዲህ ሲመሽ መስኮት ይዘጋ፥ በተገለጠውም ገላ ላይ ትንኝ የሚያርቅ ቅባት ይቀባ። የደጋ ሰው በሽታውን ስላልለመደው ይጸናበታል፤ ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ሴቶች እጅግ አደገኛ ነው።

አጎበሩንም ይዘን ብንመለስ መንገዱ ገና አላለቀም። ወባ ትንኟ በነደፈች ዕለት አይታወቅም፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሳምንት እስከ አንድ ወር ቆይቶ ይነሣል፥ ከወራት በኋላ የሚነሣም ዓይነት አለ። ስለዚህ በሽታው የሚያገኘን በሐይቁ ዳር ሳይሆን በገዛ ቤታችን፥ በእንጦጦ ብርድ መካከል ነው። የሚያታልለውም ይህ ነው፤ ብርድ ባለበት አገር የሚንቀጠቀጥ ልጅ ሁሉ ብርድ የመታው ይመስላልና። ከጉዞ ከተመለሳችሁ በኋላ ከቤታችሁ ማንም ሰው ቢያተኵሰው፥ ራሱን ቢያመው ወይም ቢያንቀጠቅጠው፥ ዝንጅብል ከማፍላታችሁ በፊት በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰዱት፤ ሳትጠየቁም «በዚህ ቀን ሐዋሳ ነበርን» ብላችሁ ተናገሩ። የደም ምርመራው ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ሳይደርቅ በርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ ያሉት አባቶች ለዚህም የተናገሩት ይመስለኛል።

እኛም ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ወደ ሐዋሳ ወርደናል። ሻንጣውን የምታዘጋጀው ባለቤቴ ናት፤ አጎበሩን ግን ልጁ ራሱ አጥፎ ከሁሉ በፊት ያስገባል። አማቴም የተመለስንበትን ቀን በግድግዳው የቀን መቍጠሪያ ላይ ምልክት ያስደርጋሉ፥ አንድ ወርም እስኪሞላ ድረስ ማታ ማታ የልጁን ግንባር ይዳስሳሉ።

ቸሩ አምላክ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ፤ በጤና አውርዶ በጤና ይመልሳችሁ።