ስለ ቁርጭምጭሚት ወለምታና ስለሚቀባው መድኃኒት

ድንጋይና ገደል በበዛበት አገራችን እግሩን ወለም ብሎት የማያውቅ ሰው ማግኘት ጭንቅ ነው። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በውጭ ወገን አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ይለጠጣል፥ አንዳንዴም ይበጠሳል፤ ስፍራውም ያብጣል፥ ይጠቍራል።

ልማዳችን ወጌሻ ጠርቶ በቅቤ ማሳሸት ነው። ነገር ግን ገና ያበጠውን ስፍራ በብርቱ ማሸት ሕመሙን ያባብሰዋል። ከዚህም የከፋው በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ነው፤ ደም መዘዋወሪያ አጥቶ እግራቸው በስብሶ የተቈረጠባቸው ሰዎች እንዳሉ ሐኪሞቻችን ጽፈው አስታውቀዋል። ይህን ማለታችን ወጌሾችን ሁሉ ለመንቀፍ አይደለም፤ ብልሆች አሉባቸውና።

አሁን በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው ዲክሎፌናክ የሚባለው ቅባት ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። መድኃኒቱ በቆዳ አልፎ ከታመመው ስፍራ ይደርሳል፤ ወደ ደም የሚገባው ከሚዋጠው ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ጨጓራንና ኩላሊትን እንደ ክኒን አያሰጋም። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበራት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. ባወጡት መመሪያ ለእንዲህ ያለው ጉዳት አስቀድሞ የሚቀባው እንዲሰጥ መከሩ። በቈሰለ ቆዳ ላይ ግን አይቀባም፤ አስፕሪን የማይስማማውም ሰው፥ ፅንሷ የገፋ ሴትም ሐኪም ሳይጠይቁ አይቀቡት።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ ሕመም መታገሡ አጥንት ለመዳኑ ምስክር አይሆንም። ተቀብቶ ሕመሙ የቀለለለት ሰው የተሰበረ አጥንት ይዞ ሲያነክስ ሊሰነብት ይችላል። ስለዚህ በካናዳ በኦታዋ ከተማ ያሉ ሐኪሞች በ1992 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ያወጡትን ቀላል ፈተና፥ የጤና ጣቢያ ሹሞች ለሠራተኞቻቸው ቢያስጠኑ፥ ምእመናን አስቀድመው የሚያማክሯቸው ካህናትም ቢያውቁት እንወዳለን። ይኸውም ቁርጭምጭሚቱን ያመመው ሰው 4 እርምጃ መራመድ ያቃተው እንደ ሆነ፥ ወይም የቁርጭምጭሚቱን ጕብታ አጥንት በስተኋላው ወይም በጫፉ ሲጫኑት ያመመው እንደ ሆነ፥ ራጅ ይነሣ ማለት ነው።

ስብራት ከሌለበት እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፥ በለስላሳ ጨርቅ መጠቅለል፥ ከጥቂት ቀንም በኋላ ቀስ እያሉ ማንቀሳቀስ ይገባል። የእግሩ ጣቶች ቢቀዘቅዙ ወይም ቢደነዝዙ ግን፥ ያሰረው ማንም ቢሆን፥ እስራቱን በዚያው ሰዓት መፍታትና ወደ ሐኪም መሄድ ነው።